ቦዬ ከልጆች ጋር፦ ጉማሬ አይቶ በሰላም ለመመለስ

ጅማ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው አንድ ቀን "ቦዬ ውሰዱን" መባሉ አይቀርም። ቦዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ ጉማሬ የሚኖርበት ረግረጋማ ሐይቅ ነው። እንሄዳለን። ብዙዎቻችን ግን ጉማሬ ሳናይ፣ ጭቃ ለብሰን፣ ልጆቹ አኩርፈው እንመለሳለን።

እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነበር የሆንኩት። እሁድ ምሳ በልተን ወጣን። ስንደርስ 8 ሰዓት ሆኗል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሃው ላይ ምንም የለም። ትንሹ ልጄ ወደ ዳር ጠጋ ሲል አረንጓዴው ሣር ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠና እስከ ጉልበቱ ዋጠው። ጎትተን አወጣነው፤ ጫማው ግን እዚያው ቀረ። ያን ቀን ደንግጬ ነበር። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ የከብት ጠባቂዎቹንም ጠይቄ ተምሬያለሁ። ይህን የምጽፈው እናንተ በመጀመሪያው ቀን እንዲሳካላችሁ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ

ቦዬ መዋኛ አይደለም። እግር መንከሪያም አይደለም። ውሃው ውስጥ ጉማሬ አለ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ወይም የቆመ ውሃ ደግሞ ቢልሃርዚያ (ከውሃ በቆዳ በኩል በሚገባ ትል የሚመጣ በሽታ) የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይመቻቸዋል። በየጨፌው አልቅትም አለ። ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ፦ "ዛሬ ውሃ ዳር እንቀመጣለን፣ ውሃ ውስጥ አንገባም።" እዚያ ደርሳችሁ ብትነግሯቸው ለቅሶ ነው። ዋና ያማራቸው ከሆነ ላንጋኖን ያህል ሐይቅ አለ፤ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነው። እሱ ግን በዕረፍት ጊዜ የሚታቀድ ረጅም ጉዞ ነው፤ የግማሽ ቀን ሽርሽር አይደለም።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

የጅማ ዝናብ ረጅም ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ውሃው ሞልቶ ጨፌው ውስጥ ይሰራጫል፤ ጉማሬዎቹም አብረው ይበተናሉ። መሬቱ ሸክላ አፈር ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። ውሃው ይሰበሰባል፣ ዳሩ ይጠነክራል፣ ጉማሬዎቹም በቀሩት ጥልቅ ቦታዎች ይከማቻሉ። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በክረምት ካልሄድን የሚል እንግዳ ከመጣባችሁ ዳሩን ትታችሁ ከፍ ካለ ቦታ ሆናችሁ በሩቁ አሳዩት።

ከመሄዳችሁ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ከባድ ዝናብ ከጣለ ጉዞውን ለሌላ ቀን አስተላልፉ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን ምረጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጉማሬ ቆዳ ፀሐይ አይችልም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀኑን ውሃ ውስጥ ያሳልፋል። ሲመሽ ይወጣና ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድራል፤ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ሊበላ ይችላል። ሊነጋ ሲል ወደ ውሃው ይመለሳል።

ከዚህ ተነሥታችሁ ሰዓቱን አስቡት።

- ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አትድረሱ። የዘገየ ጉማሬ ገና ከግጦሽ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል።
- ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ምርጡ ጊዜ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ወፉ ብዙ ነው፣ ጉማሬዎቹም ይንቀሳቀሳሉ።
- ከ5 እስከ 9 ሰዓት አትሂዱ። ፀሐዩ ይከብዳል፤ እነሱም ጥላ ያለበት ደንገል ሥር ይገባሉ።
- ከሰዓት ካልሆነ አይመቸንም ካላችሁ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱና 11 ሰዓት ሲሆን ውጡ።

የ11 ሰዓቱ ነገር ድርድር የለውም። በበጋ ጅማ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ጉማሬ ግን ጨለማ እስኪወርድ ላይጠብቅ ይችላል። "ሲወጣ እናየዋለን" ብሎ የሚቀመጥ ሰው አጋጥሞኛል። ልጅ ይዛችሁ ይህን አታድርጉ።

ደረጃ 3፦ ሰውና ዕቃ አዘጋጁ

ለአንድ ትልቅ ሰው ከሁለት ልጅ በላይ አይሁን። እኛ ቤት ከመውጣታችን በፊት "አንተ የእማማ ነህ፣ አንቺ የእኔ ነሽ" ብለን እንከፋፈላለን። ችግር ቢመጣ ማን ማንን እንደሚይዝ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ያኔ መነጋገሪያ ጊዜ አይኖርም። ገና መሄድ የሚለማመድ ሕፃን በጀርባ ይታዘል፤ መሬት አይውረድ።

የምትይዙት ይህ ነው፦

- የተዘጋ ጫማ፣ ቢቻል ቦት። ሸበጥና ነጠላ ጫማ ጭቃው ይቀማችኋል።
- ረጅም ሱሪ፣ እጀ ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣ።
- ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አንድ ሊትር የሚጠጣ ውሃ፣ ለእጅ መታጠቢያ ደግሞ ሌላ ጀሪካን። ከቦዬ ውሃ ግን አንድ ጉንጭ እንኳ እንዳይጠጣ፤ አልቅት አፍና አፍንጫ ውስጥ የሚገባው እንደዚያ ነው።
- ቀጥ ያለ ረጅም ዱላ፣ ቁመቱ ከናንተ ትከሻ የማያንስ።
- ፊሽካ፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ቅያሪ ልብስ።
- ቻርጁ የሞላ ስልክ። ቁጥር 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ መዝግቡት።
- ባይኖኩላር ካገኛችሁ ተዋሱ። ርቀት ጠብቃችሁ በደንብ እንድታዩ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው።
- በርጩማ። የጅማ ሰው በርጩማ ስለማያጣ አንድ ሁለት ጣል አድርጉ። እርጥብ ሣር ላይ ከመቀመጥ ያድናችኋል፤ ልጅም የራሱ መቀመጫ ሲኖረው ይረጋል።

ምግቡን ቀላል አድርጉት። ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ቡና በፔርሙዝ ይበቃል። እሳት አታንድዱ፤ በበጋ የደረቀ ሣር በአንድ ፍም ይያያዛል።

ደረጃ 4፦ መንገድና መኪና

ቦዬ ከከተማው ወጣ ብሎ በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ነው። በባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ ደርሶ መልስ ኮንትራት ያዙ። የሹፌሩን ስልክ ውሰዱ፤ መምጫ ሰዓቱንም ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት። ጠዋት ከሄዳችሁ "4 ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ቆመህ እንዳገኝህ" በሉት። መመለሻ ሳይዙ ገብተው አመሻሽ ላይ በእግር የሚወጡ ቤተሰቦች አሉ፤ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

በራሳችሁ መኪና ከሆነ ከዋናው መንገድ ብዙ አትራቁ። መኪናውን አፍንጫው ወደ መውጫው እንዲሆን አዙራችሁ አቁሙ። ሣር ላይ አታስገቡት፤ ከላይ የደረቀ የሚመስለው ከሥሩ ረግረግ ነው።

ደረጃ 5፦ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ በሰው ማሳና በግጦሽ መሬት ያልፋል። ከብት የሚጠብቁትንና ጨፌ የሚያጭዱትን መጀመሪያ ሰላም በሉ። "አባቴ፣ ልጆቹን ጉማሬ ላሳይ ነበር፣ በየት ብንሄድ ይሻላል?" በሉ። በኦሮምኛ ጉማሬ "ሮቢ" ነው። "ሮቢን ኤሳ ጂራ?" ብትሉ ይበቃል፤ በእጃቸው ያሳዩዋችኋል። ስትጨርሱ "ገለቶማ" በሉ።

ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ጠዋት የት ታዩ? ሌሊት የሚወጡት በየት በኩል ነው? ግልገል ያላት እናት አለች? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ግልገል ካለ ርቀታችሁን እጥፍ አድርጉ።

አንድ ወጣት "ልምራችሁ" ካላችሁ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ። የቀረበ ሁሉ ጥሩ መሪ አይደለም። "ቅርብ ላድርሳችሁ" ወይም "በድንጋይ ላስነሳላችሁ" የሚለውን አመስግናችሁ ሸኙት።

ደረጃ 6፦ የምትቀመጡበትን ቦታ ምረጡ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም በዚህ ነው።

ከፍ ያለ፣ ክፍት፣ ደረቅ መሬት ፈልጉ። ከውሃው ዳር ቢያንስ 100 ትልልቅ እርምጃ ራቁ። ጉማሬ ወፍራም ስለሆነ ቀርፋፋ ይመስላል። መሬት ላይ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ አብዛኛውን ሰው፣ ልጅን ደግሞ በቀላሉ ይቀድማል። ከጀርባችሁ መሸሻ ይኑር። አጥር፣ ገደል ወይም ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ከኋላችሁ እንዳይሆን።

ቀጥሎ መሬቱን አንብቡ። የጉማሬ መንገድ ከከብት መንገድ ይለያል። ጉማሬ እግሮቹን አራርቆ ስለሚራመድ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ቦዮች ይሠራል፤ በመሃላቸው ደግሞ እንደ ጀርባ ከፍ ያለ መስመር ይቀራል። ልጆቼን ከጎኑ አቁሜ አሳይቻቸዋለሁ፤ አሁን ከእኔ ቀድመው ያዩታል። ሌላው ምልክት ፋንድያው ነው። ወንዱ በጭራው እየመታ ይበትነዋል፤ ስለዚህ ቁጥቋጦው ላይ ተረጭቶ ታገኙታላችሁ። አራት ጣት ያለው ሰፊ ኮቴም ይታያል። እነዚህን ካያችሁ ከዚያ ቦታ ተነሡ። ያ መንገድ ወደ ቤቱ መመለሻው ነው። በጉማሬና በውሃው መሃል የቆመ ሰው ትልቁ አደጋ ላይ ነው ያለው።

ዱላውን አሁን አውጡ። ወደ ፊት በሄዳችሁ ቁጥር መሬቱን ውጉ። ውሃው ዳር ያለው ደንገልና ፊላ፣ ልሙጡ አረንጓዴ ሣርም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ውሃ ላይ የተኛ ምንጣፍ ነው። ከላይ ሲያዩት የኳስ ሜዳ ይመስላል። ዱላው በቀላሉ ከገባ አንድ እርምጃ እንኳ አትጨምሩ።

ለጡብ አፈር የተቆፈሩ ጉድጓዶችም አሉ። ውሃ ሞልቷቸው ጥልቀታቸው አይታይም። ለልጅ ከጉማሬው እኩል የሚያሰጉ ናቸው። ካያችኋቸው ልጆቹን ጠርታችሁ አሳዩ፤ በዚያ በኩል እንዳይሮጡም ንገሯቸው።

በመጨረሻ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ጠዋት ፊታችሁ ወደ ምዕራብ ይሁን። አለበለዚያ የውሃው ነጸብራቅ ዓይናችሁን ይይዘዋል።

ደረጃ 7፦ እንዴት እንደምታዩ

ልጆቹን "ጉማሬ ፈልጉ" አትበሏቸው። መጽሐፍ ላይ ያዩትን ትልቅ እንስሳ እየፈለጉ ፊታቸው ያለውን ያልፉታል። "ጆሮ ፈልጉ" በሏቸው። የጉማሬ ዓይን፣ ጆሮና አፍንጫ በአንድ መስመር አናቱ ላይ ነው ያለው። ገላውን ደብቆ እነሱን ብቻ ያወጣል። ብቅ ሲል መጀመሪያ "ፉፍ" ብሎ ይተነፍሳል። ወዲያው ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች እርግፍ እርግፍ ይላሉ፤ ውሃም ይረጫሉ። ያን ከአንድ መቶ እርምጃ ልጅ ያየዋል።

አንድ ቦታ መርጣችሁ ስድስት ደቂቃ በዝምታ ተመልከቱ። ጉማሬ ትንፋሹን የሚይዘው አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ እዚያ ካለ መውጣቱ አይቀርም። ሰዓት ለትልቁ ልጅ ስጡት፣ እሱ ይቁጠር። የኔ ልጅ "አራት ደቂቃ... አምስት..." እያለ በሹክሹክታ ሲቆጥር፣ አምስተኛው ላይ ሦስት ጥንድ ጆሮ አንድ ላይ ወጣ። አፉን በእጁ ይዞ ዞር ብሎ ያየኝን አልረሳውም።

በዝምታው መሃል ወፎቹን አሳዩ። ረጅሙ፣ አናቱ ላይ የወርቅ አክሊል የደፋ የሚመስለው ክሬን ነው። ነጫጮቹ ሳቢሳዎች ከከብቱ እግር ሥር ይከተላሉ። ጉማሬው ቢዘገይ እንኳ ልጅ እንዳይሰለች የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ድንጋይ አትወርውሩ። አታፏጩ። ፊሽካው ለአደጋ ብቻ ነው። ስልክ ይዞ "አንዴ ብቻ ቀረብ ልበል" የሚል ሰው ከመሃላችሁ ካለ ስልኩን ተቀበሉት።

ደረጃ 8፦ አወጣጥ

ሰዓቱ ከመድረሱ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ዕቃ ሰብስቡ። ፌስታል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የውሃ ላስቲክ አንድም አይቅር፤ ፌስታሉን ከብት ይበላዋል፣ የሰው ሀብት ነው የሚሞተው። ልጆቹን ቁጠሩ። በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፤ አቋራጭ አትሞክሩ።

ነገር ሲበላሽ

*ጉማሬው አፉን በሰፊው ከከፈተ።* ማዛጋት አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ማስፈራራት ነው። ልጆቹን አንሡና ቀስ ብላችሁ ወደ ከፍታው ራቁ። እንደዚሁም ራሱ ከጠለቀ በኋላ ውሃው ላይ ወደናንተ የሚመጣ ማዕበል ካያችሁ ሳትጠብቁ ሂዱ።

*መንገድ ላይ ካጋጠማችሁ።* ቁሙ። አትጩኹ። ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ክፈቱለትና ወደ ጎን እያላችሁ ራቁ። ወደናንተ ከሮጠ ልጆቹን ይዛችሁ ከውሃው ርቃችሁ ሩጡ፤ ትልቅ ዛፍ፣ ኩይሳ ወይም መኪና ጀርባ ግቡ።

*እግር ረግረግ ውስጥ ከገባ።* ሌላ ሰው ተከትሎ አይግባ። የገባው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፤ እግሩን ወደ ላይ አይንጠቅ፣ እያወዛወዘ ቀስ ብሎ ያላቅ። ከጠንካራው መሬት ሆናችሁ ዱላውን ወይም የተጠመዘዘ ጋቢ አቀብሉት። ጫማው ከቀረ ይቅር።

*ልጅ ውሃ ውስጥ ከወደቀ።* አውጡት፣ ልብሱን ቀይሩ፣ ከቤት ባመጣችሁት ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ በፎጣ ጠበቅ አድርጋችሁ አድርቁት። ይህ ቢልሃርዚያን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካያችሁ ውሃው ውስጥ መግባቱን ለሐኪም ንገሩ። መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ መጠኑን ግን ሐኪም ይወስናል።

*አልቅት ከተጣበቀ።* በእሳት አትንኩት። የሚጠባበትን ጫፍ በጥፍራችሁ በጎን ገፍታችሁ አላቁት፣ ቦታውን በሳሙና እጠቡ። አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ከሆነ ራሳችሁ አትጎርጉሩ፤ ሐኪም ቤት ውሰዱ።

*ዝናብ ከመጣ።* "ያልፋል" አትበሉ። ያን ሸክላ መንገድ ከመራሱ በፊት ውጡ።

*ምንም ካላያችሁ።* አንድ ጊዜ ብቻ ቦታ ቀይሩ፤ ከዳሩ ሳትቀርቡ፣ ወደ ጎን። እንደገና ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። ካልሆነ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ተመለሱ። ጊዜ ለማካካስ ብላችሁ አታምሹ።

ቤት ስትደርሱ

ጫማውን ውጪ እጠቡ። የልጆቹን እግርና ቁርጭምጭሚት በብርሃን ተመልከቱ፤ አልቅት ሳያሳምም ይጣበቃል። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ስለዚህ በሰዓታችሁ ከወጣችሁ አደጋው ይቀንሳል፣ የሌሊቱን አጎበር ግን አትተዉ። ከሳምንት በኋላ ልጅ ትኩሳት ከያዘው ቤት ውስጥ በመድኃኒት አትሞክሩ፣ ደም አስመርምሩት። የሄዳችሁበትን ቀን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።